የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ስቴትም ወደ ብሔራዊው የመብራት ሕግ ትግባ ወይስ በራሷ ትቀጥል?

የአደላይድ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆቹ 2018 ነው ከሜልበርን፣ ማለትም ከቪክቶሪያ፣ ወደ ሳውዝ አውስትራሊያዋ አደላይድ የመጣሁት፤ አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። የመብራትና የጋዝ ደንበኛን የሚጠብቀው ብሔራዊ ሕግ በጁላይ 2012 በታዝማኒያና በካንቤራ ጀመረ። በ2013 ሳውዝ አውስትራሊያና ኒው ሳውዝ ዌልስ ገቡ፣ በ2015 ኩዊንስላንድ ተከተለች። ቪክቶሪያ ግን ዛሬም በራሷ ደንብ ናት። ካምፓኒዬን ሳልቀይር ቤት ስለቀየርኩ ብቻ መብቴ ለምን ይለወጣል? ቢል ከብዶኝ ካምፓኒው ጋ ደውዬ ሜልበርን እያለሁ የማውቀውን እርዳታ ብጠይቅ "እሱ የቪክቶሪያ ነው" አሉኝ። ሕጉ አንድ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

የፉትስክሬይ እናት፦ ወንድሜ፣ አንድ ይሁን ስትል የማንኛው ይሁን ነው የምትለው? እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ሥራ ያጣሁ ጊዜ ያዳነኝ የቪክቶሪያ ደንብ ነው። ከ2019 ጀምሮ ውዝፍህን እስከ ሁለት ዓመት ከፋፍለህ መክፈል ትችላለህ፣ የወሩን ፍጆታ እንኳ መሸፈን ካቃተህ ደግሞ ውዝፉ ቢያንስ ለስድስት ወር ይቆምልህና ፍጆታህን እንድትቀንስ ያግዙሃል። ስልክ ያነሳችው ልጅ ደግ ስለሆነች የሚሰጥ አይደለም፣ መብትህ ነው። በብሔራዊው ግን ላቃተው ደንበኛ የሚደረገውን እርዳታ እያንዳንዱ ካምፓኒ በራሱ ፖሊሲ ይጽፋል፣ ካምፓኒዎቹን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ያጸድቃል። ከዚህ ሌላ ያለአግባብ መብራት ከቆረጡብህ እዚህ በቀን 500 ዶላር ይክሱሃል። ይህን አሳልፌ አልሰጥም!

ሳንሻይን፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ ሕጉ አንድ ከሆነ የእናቴ ኮንሴሽን፣ ማለቴ የቢል ቅናሿ፣ ይቀራል እንዴ?

የፉትስክሬይ እናት፦ አይቀርም እህቴ፣ አታስቢ። የመብራቱ 17.5 ከመቶ ቅናሽ የሚመጣው ከስቴቱ መንግሥት ነው፣ ከዚህ ክርክር ጋር አይገናኝም።

የወዶንጋ ነዋሪ፦ እኔ ወዶንጋ እኖራለሁ፣ ሥራዬ አልበሪ ነው። መሐል ላይ መሪ (Murray) የሚባለው ወንዝ ብቻ ነው ያለው። ወዲህ ቪክቶሪያ፣ ወዲያ ኒው ሳውዝ ዌልስ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አዛውንቶች ቢል ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቤትዎ ከድልድዩ በየት በኩል ነው?" ብዬ ነው። አቤቱታ የሚሰማው እንባ ጠባቂ እንኳ ሁለት ነው። ይሄ ሰው ያደክማል። ግን የፉትስክሬይ እናትም ልክ ናት። ብሔራዊው ሕግ ዝቅተኛውን ይወስን፣ ከዚያ በላይ መጨመር የሚፈልግ ስቴት አይከልከል። ኩዊንስላንድም ሌሎቹም ሲገቡ የራሳቸውን ማስተካከያ ይዘው ነው የገቡት፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

የፉትስክሬይ እናት፦ በዚህ ብስማማ ደስ ይለኛል፣ ግን ፍጥነቱ ያሳስበኛል። ካምፓኒው ራሱ ቢሉ ላይ "ከዚህ የሚረክስልህ ፕላን አለን" ብሎ እንዲጽፍ ቪክቶሪያ ያስገደደችው በ2019 ነው። በብሔራዊው ይህ የመጣው በ2023። ያኔ ገብተን ቢሆን አብረን አራት ዓመት እንጠብቅ ነበር።

የአደላይድ ልጅ፦ አራት ዓመቱን የጠበቅነው እኮ እኛ ነን፣ እህቴ። እናንተ ቢላችሁ ላይ ስታነቡት እኔ እዚህ ውዱን ፕላን ሳላውቅ እከፍል ነበር። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ብትጮኹ ኖሮ ለእኛም ቶሎ ይደርስ ነበር። የ500 ዶላሩን ካሳ ይዛችሁ ግቡ፣ እኔም ከጎናችሁ ሆኜ ለፓርላማ አባሌ እጽፋለሁ።