አየርላንድ ዝም ብትል ኖሮ እርዳታዋ ይሻል ነበር? ክርክር

ሆሄ፦
የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በኖቬምበር 2021 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ከነበሩት ስድስት የአየርላንድ ዲፕሎማቶች አራቱን አስወጣች። አምባሳደሯና አንድ ባልደረባ ብቻ ቀሩ። የደብሊን መንግሥት እንዳስታወቀው ምክንያቱ አየርላንድ በጸጥታው ምክር ቤት ስለ ሰሜኑ ጦርነት የያዘችው አቋም ነው። የምክር ቤቱ መቀመጫ የሁለት ዓመት ብቻ ነበር፣ 2021 እና 2022። ኤምባሲው ግን ከ1994 ጀምሮ እዚያው አለ፤ አየርላንድ ሴፍቲኔቱን (ለድሃ ቤተሰቦች ምግብና ገንዘብ የሚሰጠውን የኢትዮጵያ ፕሮግራም) በገንዘብ ከሚደግፉት አገሮችም አንዷ ነበረች። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ለሁለት ዓመት ወንበር ብላ ይህን ሁሉ ማጋለጧ ልክ ነበር? ወይስ ትንሽ ለጋሽ ስለ ጦርነቱ ትናገር ዘንድ አይጠበቅባትም፣ እጇን ብቻ ትዘርጋ? ስለ ጦርነቱ ማን ምን አደረገ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ጥያቄው ስለ አየርላንድ ነው።

ኩንታል፦
እኔ ልክ አልነበረም ከሚሉት ነኝ፣ ምክንያቴም መጋዘን ውስጥ ነው። 100,000 ሰው ለአንድ ወር መመገብ ምን እንደሚጠይቅ እንቁጠር። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ስለዚህ 15,000 ኩንታል እህል፣ 1,500 ኩንታል ጥራጥሬ፣ 450 ኩንታል ዘይት። 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 43 መኪና ይሆናል። ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ከጨረታው እስከ እርዳታ ማደያው ሦስትና አራት ወር ይፈጃል። ለጋሽና ተቀባይ ዛሬ ቢቀያየሙ ጉድለቱ የሚታየው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጠቡን የጀመረው ሰው አይጠየቅም።

ሁለተኛው ነገር ክትትል ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፣ የአንድ ሰው ድርሻ 15 ኪሎ። ስለዚህ አሥር ሰው በአንድ ተቧድኖ ሦስት ከረጢት ይወስድና ከአጥሩ ውጭ ይካፈላል። ሚዛን ከሌለ በጣሳ ይሰፈራል፤ ጣሳው ካልሞላ ወይም ከረጢቱ ቀድሞ ከተነካ መጨረሻ ላይ የቆመችው ሴት 15 ኪሎዋን አታገኝም። መዝገቡ ላይ የሞተ ሰው አለ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አለ። ይህን የሚያይ ዓይን ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አይተናል። በጁን 2023 አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከተረጂው እጅ እየወጣ ነው ብለው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ሁለት ሰው የቀረው ኤምባሲ የትኛውን ማደያ ነው የሚያየው?

ማኅደር፦
ኩንታል ወንድሜ፣ ቁጥርህን እቀበላለሁ፣ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። ተመድ በዚያን ጊዜ ትግራይ በቀን 100 መኪና እርዳታ ያስፈልጋታል ይል ነበር። በአንተ ስሌት 43 መኪና ለ100,000 ሰው የአንድ ወር ነው። አየርላንድ ያላትን ሁሉ ብታፈስስ ይህን አትሞላም። ደግሞም መኪናውን ያቆመው የእህል እጥረት ብቻ አልነበረም፤ መንገድ፣ ፍተሻ፣ ነዳጅና ጥሬ ገንዘብም ነበሩ። እነዚህ የሚፈቱት በመናገር ነው። ትንሽ አገር ብዙ እህል የላትም፤ ለሁለት ዓመት ግን ከአሥራ አምስቱ ወንበሮች አንዱ ነበራት።

ወንበሩ ምን እንዳመጣም ላሳይ። በዲሴምበር 2022፣ አየርላንድ ልትወጣ ሳምንታት ሲቀሯት፣ ከአሜሪካ ጋር ያረቀቀችው ውሳኔ ቁጥር 2664 በ14 ድምፅ ጸደቀ፤ ሕንድ ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ከዚያ በፊት የነበረው ችግር ይህ ነው። በተመድ የንብረት እገዳ ዝርዝር ውስጥ ያለ ቡድን አንድን አካባቢ ቢይዝ፣ እዚያ የሚሠራ ረድኤት ድርጅት ለመንገድ ማለፊያ፣ ለውኃ ፓምፕ ነዳጅ ወይም ለቢሮ ኪራይ የሚከፍለው ገንዘብ በተዘዋዋሪም ቢሆን ለዚያ ቡድን «ሀብት ማቅረብ» ሊባል ይችል ነበር። ባንኩ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ይጠብቃል፦ ማስተላለፊያውን ያዘገያል፣ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ሒሳቡን ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ማዕቀብ ለየብቻ ፈቃድ መለመን ወራት ይወስዳል። 2664 ለሰብዓዊ ሥራ የሚደረግ ክፍያ በተመድ የንብረት እገዳዎች እንደማይነካ በአንድ አንቀጽ ደነገገ። የአልቃይዳና የዳኢሽ ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር የሠራው፤ በዲሴምበር 2024 ግን የጊዜ ገደቡ ተነሣ። በስንት ሚሊዮን ዩሮ ነው ይህን የምትገዛው?

ሰከን፦
ማኅደር፣ ያመጣኸው ምሳሌ ለኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። 2664 የጻፈችው አየርላንድ ማንንም በስም አልከሰሰችም። ስለ ባንክ ክፍያ ነው የተናገረችው። ሶርያንም ተመልከት። በ2014 ምክር ቤቱ ለእርዳታ ማስገቢያ አራት የድንበር በሮች ከፍቶ ነበር፤ በ2020 እየተቀነሱ ባብ አል-ሐዋ የሚባለው አንድ በር ብቻ ቀረ። በጁላይ 2021 እሱም ሊዘጋ ሲል አየርላንድና ኖርዌይ አርቅቀው ውሳኔ 2585 በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ሩሲያም ደገፈች። እንዴት? ጽሑፉ ስለ አንድ በርና ስለ ወራት ብዛት ነበር፤ ስድስት ወር፣ ከዚያ ሌላ ስድስት ወር። ማን ጥፋተኛ ነው የሚል የለበትም። ትንሽ አገር የምትሰማው ስለ በር፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ፈቃድ ወረቀት ስትናገር ነው። ፍርድ ስትሰጥ ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን የላትም፣ የሚፈራ ጦርም የላትም። ዋጋውን የምትከፍለው በዲፕሎማቶቿ ነው።

ማኅደር፦
ያ ጥሩ ልዩነት ነው፣ ግን በኢትዮጵያ ጉዳይ አየርላንድ ፈረደች የምትለው አይደለም። በኤፕሪል 2021 ምክር ቤቱ ስለ ትግራይ ያወጣው የመጀመሪያ የጋዜጣ መግለጫ የእሷ ረቂቅ ነበር። የጋዜጣ መግለጫ ደግሞ አሥራ አምስቱም ካልተስማሙ አይወጣም፤ ሩሲያና ቻይና፣ ከአፍሪካም ኬንያ፣ ኒጀርና ቱኒዝያ አሉበት። ስለ እርዳታ መግቢያ መንገድ የሚናገር ጽሑፍ ነበር። እና ያንን ጽፋም ዲፕሎማቶቿ ተባረሩ። ስለዚህ «ስለ በር ብቻ ተናገር» የሚለው ምክር መድን አይሆንም።

ሰከን፦
መድን አላልኩም። አደጋውን ይቀንሳል ነው ያልኩት።

ሒሳብ ሹም፦
ሁላችሁም ድምፁን ነው የምትመዝኑት፤ እኔ የገንዘቡን ታሪክ ላስታውስ፣ ድምፅን የሚያስከብረው እሱ ነውና። ተመድ በ1970 ሀብታም አገሮች ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ወሰነ። አየርላንድ በ2000 በተመድ መድረክ «በ2007 እንደርሳለን» አለች። በ2005 ቀኑን ወደ 2012 ገፋችው። አሁን 2030 ተብሏል። በ2008 0.59 በመቶ ላይ ደርሳ ነበር፤ የባንክ ቀውሱ መጣና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ግማሹ ወረደ። በ2022 እንደገና 0.64 ገደማ ሆነ፣ ብዙ ሰው በዚህ አጨበጨበ። ነገር ግን በለጋሾች ኮሚቴ (ለጋሽ አገሮች ምን እንደ እርዳታ እንደሚቆጠር በሚወስኑበት አካል) ደንብ መሠረት ለጋሽ አገር አንድን ስደተኛ በራሷ ምድር ለማስተናገድ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የምታወጣው ወጪ እንደ እርዳታ ይቆጠራል፣ በዚያ ዓመት አየርላንድ የተቀበለቻቸው ዩክሬናውያንም እዚያ ውስጥ ናቸው። ማስተናገዱ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሆኖም ደብሊን ሆቴል ውስጥ የወጣ ዩሮ ሶማሌ ክልል ጉድጓድ አይቆፍርም። ተናጋሪ አገር ቁጥሯን ለይታ ማሳየት አለባት፦ ይህን ያህል ውጭ ወጣ፣ ይህን ያህል አገር ውስጥ ቀረ።

ኩንታል፦
በዚህ ከሒሳብ ሹም ጋር ነኝ። እና አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘቡ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ዋጋ አለው። ለጋሽ «ይህ ገንዘብ ለዚህ ወረዳ፣ ለዚህ ፕሮጀክት፣ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ» ብሎ መድረሻውን ከቆረጠው፣ ጎርፉ ጎረቤት ወረዳ ላይ ሲመጣ መኪናውን ማዞር አይቻልም፤ የማሻሻያ ደብዳቤ ተጽፎ እስኪፈቀድ ይጠበቃል። መድረሻው ያልተቆረጠ ገንዘብ ግን ቀድሞ እህል ይገዛል፣ ችግሩ ከመሰማቱ በፊት ወደብ ላይ ያከማቻል። ያ አራት ወር የሚያጥረው በዚህ ነው። አየርላንድ እርዳታዋን የራሷን ኩባንያዎች ዕቃ ከመግዛት ጋር የማታስረው መሆኗ ከብዙዎች የተሻለች ያደርጋታል፣ ይህን ልክዳት አልችልም።

ሆሄ፦
ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም በተመድ ቋት ውስጥ መክተት ነው? ያኔ የአየርላንድ ባንዲራ ከረጢቱ ላይ አይኖርም፣ ጠቡም እህሉን አይነካውም።

ሒሳብ ሹም፦
በከፊል። የተመድ ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ በ2005 መጨረሻ ተወስኖ በ2006 ሥራ ጀመረ፣ አየርላንድም ከጽኑ ደጋፊዎቹ አንዷ ናት። ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ ለድንገተኛ አደጋ፣ ሌላው ዓለም ለረሳው ቀውስ። በድንገተኛው መስኮት የተሰጠ ገንዘብ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ፈጣን ነው። እንከኑ ግን ገንዘቡ በመጀመሪያ ለተመድ ድርጅቶች ነው የሚሰጠው፤ የአገር ውስጥ ማኅበር የሚያገኘው በእነሱ በኩል ነው። እያንዳንዱ እርከን ከቀጥታ ወጪው ላይ እስከ 7 በመቶ ለአስተዳደር ሊይዝ ይችላል። ሁለት እርከን ካለፈ ከ100 ዩሮ ሥራ ላይ የሚውለው 87 ገደማ ነው፣ የማኅበሩ የራሱ የቢሮ ወጪ ሳይነሣ። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ለጋሾች ከሰብዓዊ ገንዘቡ 25 በመቶ በ2020 ለአገር ውስጥ ድርጅቶች በተቻለ መጠን በቀጥታ ይደርሳል ብለው ቃል ገብተው ነበር። አልደረሰም።

ሰከን፦
ቋት ከጠብ ያድናል የሚለውንም አትመኑት። አየርላንዶቹ ከመባረራቸው ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት፣ በሴፕቴምበር 2021 መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ሰባት የተመድ ባለሥልጣናትን አስወጥታለች። ሰማያዊ ባንዲራም አይከልልም።

ኩንታል፦
ይህንን ረስቼው ነበር። እውነት ነው፣ ክርክሬን ያላላዋል። እንግዲያው ጥያቄው «ይናገሩ ወይስ ዝም ይበሉ» ሳይሆን «ከመናገራቸው በፊት ምን ያዘጋጁ» ሊሆን ነው። በምሳሌ ላስረዳ። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ፣ የክንዱ ልኬት ከ115 ሚሊሜትር በታች የሆነ ሕፃን የሚታከምበት ፕላምፒኔት አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ካርቶን 150 ከረጢት ይይዛል፣ ለአንድ ሕፃን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሕክምና አንድ ካርቶን ገደማ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት ቢቋረጥ ልጁ የጨመረውን ኪሎ መልሶ ያጣል፣ ቀድሞ የበላውም 60 ከረጢት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ አየርላንድ ምክር ቤት ውስጥ ጠንከር ያለ ነገር ልታቀርብ ካሰበች፣ ድጋፏ ያለበት ጤና ጣቢያ የጀመራቸውን ሕፃናት የሚያስጨርስ ካርቶን አስቀድሞ መግባቱን ታረጋግጥ። ክትትሉንም ከኤምባሲው ሠራተኛ ላይ አውጥታ በውል ለያዘችው የአገር ውስጥ ተቋም ትስጥ፤ ዲፕሎማት ቢወጣ ሚዛኑ አብሮ እንዳይወጣ።

ማኅደር፦
የክትትሉን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ገና ድሮ መደረግ ነበረበት። ካርቶኑን በተመለከተ ግን አየርላንድ በተመድ የአደጋ መጋዘኖች ውስጥ የምታስቀምጠው ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካንና የመሳሰለውን ነው። ሕክምና ምግብ ጊዜው የሚያልፍበት ነው፣ እንደ ድንኳን ለዓመታት ቆልፈህ አታስቀምጠውም። ደግሞ መንገድ ሲዘጋ በአንድ ሌሊት ነው የሚዘጋው። ካርቶኑ ገብቶ እስኪያልቅ አፏን ትያዝ ካልክ፣ የምትጠብቀው ካርቶን ራሱ የቆመው መንገዱ ላይ ነው።

ኩንታል፦
ለተጀመሩት ሕፃናት ብቻ ነው ያልኩት። ስምንት ሳምንት። የመድኃኒቱ ዕድሜ ከዚያ ይረዝማል።

ማኅደር፦
ለስምንት ሳምንቱ እሺ። መግለጫውን ግን ስምንት ሳምንት አላቆየውም፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ይጀመሩ።