የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን ዴስክቶፕ ተማሪዎች እንዳይቀያይሩት እንዴት ልቆልፍ?

ጥያቄ (የአይሲቲ መምህርት፣ መሐል ሜዳ)
ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ላባችን ውስጥ ብዙ ክፍሎች እየተፈራረቁ ይማራሉ። ሁሉም የሚገቡት በአንድ አካውንት ነው። አንዱ ክፍል ሲወጣ ባክግራውንዱ ተቀይሯል፣ ታስክባሩ ወደ ጎን ሄዷል፣ የዎርድ አይከን ጠፍቷል። ቀጣዩ ክፍል ሲገባ ጊዜው በማስተካከል ያልቃል፤ ለልጆቹ አዝናለሁ። ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው፤ ሰርቨር የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ (ደብረ ብርሃን)
መምህርት፣ መጀመሪያ ተማሪዎቹ የሚገቡበት አካውንት አድሚን (የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ሁሉ መቀየር የሚችል) እንደሆነ ይዩ። ከሆነ፣ እርስዎ የቆለፉትን እነሱ ይከፍቱታል። ለራስዎ ፓስወርድ ያለው አድሚን ይክፈቱ፤ የተማሪዎቹን ስታንዳርድ ዩዘር ያድርጉት።

ከዚያ በአድሚኑ ገብተው ‹ራን› ላይ ‹ኤምኤምሲ› የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ። ‹ፋይል› ውስጥ ‹አድ ሪሙቭ ስናፕ ኢን›፣ ቀጥሎ ‹ግሩፕ ፖሊሲ ኦብጀክት ኤዲተር›። አድ ሲሉት ‹ብራውዝ›ን ይጫኑና ‹ዩዘርስ› በሚለው ታብ ‹ነን አድሚኒስትሬተርስ›ን ይምረጡ። ይህቺን እንዳይዘሏት! ብዙ ሰው በቀጥታ ጂፒኤዲትን (ይህንኑ ኤዲተር፣ ግን ለሁሉም ዩዘር የሚሠራውን) ከፍቶ ይቆልፍና አድሚኑም አብሮ ይቆለፍበታል።

ውስጡ ‹ዩዘር ኮንፊገሬሽን›፣ ‹አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ›፣ ‹ኮንትሮል ፓናል›፣ ‹ፐርሰናላይዜሽን› እያሉ ይሂዱ። ‹ፕሪቨንት ቼንጂንግ ዴስክቶፕ ባክግራውንድ› የሚለውን ‹ኢኔብልድ› ያድርጉት። ለታስክባሩ ‹ስታርት ሜኑ ኤንድ ታስክባር› ውስጥ ‹ሎክ ዘ ታስክባር› አለ።

አይከኖቹን ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ ‹ዩዘርስ›፣ ‹ፐብሊክ› ውስጥ ያለው ‹ፐብሊክ ዴስክቶፕ› ላይ ያስቀምጧቸው። ፎልደሩ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ‹ሂድን አይተምስ›ን ያብሩ። ስታንዳርድ ዩዘር ከዚያ ሊያጠፋ ሲል የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)
እኛ ዲፕ ፍሪዝ ነው የጫንነው። ልጆቹ ምንም ቢነካኩ ሪስታርት ሲደረግ እንደነበረው ይሆናል። ግን መብራት ሄዶ ሲመጣም ያው ነው፤ ሲ ላይ ሴቭ የተደረገው የተማሪ ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ዲ ድራይቭን ፍሪዝ ሳያደርጉ ይተዉላቸው።

መልስ (ዓለም ከተማ)
እህቴ፣ ሁሉንም ግን አይዝጉባቸው። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ነካክቶ የሚለምደው እዚያው ላብ ውስጥ ነው። ባክግራውንድ መቀየርም ትምህርት ነው። ‹ነን አድሚኒስትሬተርስ› በሚለው ፈንታ የዘወትሩን የተማሪ አካውንት ብቻ መርጠው ይቆልፉ። ‹ልምምድ› የሚል ሌላ ስታንዳርድ አካውንት ከፍተው ክፍት ይተዉት።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! የዓለም ከተማውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። አንዱ ላይ ሞከርኩት፣ ባክግራውንዱ ተቆልፏል፤ ልምምዱ ክፍት ነው። ዲፕ ፍሪዙንም አስቤው ነበር፣ ግን ኮምፒውተሮቹ ሲ ብቻ ናቸው፤ ዲ የላቸውም።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)
ይከፈላል። ‹ዲስክ ማኔጅመንት› ውስጥ ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ‹ሽሪንክ ቮልዩም› ይበሉ። በሚወጣው ባዶ ቦታ ‹ኒው ሲምፕል ቮልዩም› ብለው አዲሱን ድራይቭ ይፍጠሩ። ፋይሎችዎን ቀድመው ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ ይህን ሁሉ ዲፕ ፍሪዝን ከመጫንዎ በፊት ይጨርሱት።