ጎረቤታችንን ሳናሸማቅቅ እንዴት እንርዳቸው?

የጉለሌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

ግቢያችን ውስጥ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሳያልፍ አይቀርም። እንጀራ እየጋገሩ፣ ጥጥ እየፈተሉ ነው የኖሩት፤ ስለዚህ ጡረታ የሚባል ነገር የላቸውም። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሞቶባቸዋል። በሰፈሩ ያላሳደጉት ልጅ የለም። እኔም እናቴ ሥራ ስትሄድ እሳቸው ጋ ነበር የምውለው።

አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውም እንደ ድሮው አያይም። ችግሩ እርዳታ አይቀበሉም። አንድ በዓል ላይ ዘይትና ዱቄት ይዘው የመጡ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ አቁመው፣ ዘይቱን አስይዘው ፎቶ አነሷቸውና ቴሌግራም ላይ ለቀቁት፣ ሰፈሩ በሙሉ አየው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ይዘን ስንሄድ መልሳቸው «በልቻለሁ የኔ ልጅ፣ ተመስገን» ነው። እንዳልበሉ እናውቃለን። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ፣ ከየት እንደሚያመጡት ባላውቅም የእድር መዋጮ አንድም ወር አያሳልፉም። «ቀባሪ እንዳላጣ» ይላሉ። ለእንጀራ የሚሆነውን ብር ለቀብራቸው ይከፍላሉ ማለት ነው።

ከመንግሥት በኩል ምን ማግኘት ይችላሉ? እኛ ጎረቤቶችስ ምን እናድርግ? አንዲት ጓደኛዬ መቄዶንያ ይግቡ ብላኛለች፣ እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም።

ማህበራዊ ሠራተኛ ነኝ

እህቴ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂ። ሳይነገራቸው ስማቸውን ወረዳ ወስደሽ ብታስመዘግቢ ያንን ፎቶ የደገምሽባቸው ያህል ነው። እሺ ካሉ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ጀምሮ ሁለት መስመር አለው። መሥራት የሚችል በአካባቢ ሥራ ይሰማራል፣ መሥራት የማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና የቆየ ሕመም ያለበት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክፍያው በባንክ ሒሳብ ስለሚገባ ሰልፍ የለውም፣ ዘይት ይዞ መቆምም የለም። የኮታ ጉዳይ ስላለ ወዲያው ላይሳካ ይችላል፣ ግን ስማቸው መዝገብ ውስጥ ካልገባ ጭራሽ አይታሰቡም።

ሁለተኛው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መክፈል የማይችል ሰው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ካርዱ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ብዙ አረጋውያን ከመድን የሚወጡት የእድሳቱን ጊዜ የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው። እሱን አንቺ ያዥላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሕግም ይሁን በሞራል ይህ የማንም ችሮታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። ወረዳ ስትገቢ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ግቢ።

የጉለሌ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ለሴፍቲኔቱ የተመረጡት ሰዎች ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እሱን ካዩ ይሞታሉ እኮ።

ማህበራዊ ሠራተኛ ነኝ

እውነት ነው፣ ዝርዝሩ ለነዋሪው ይፋ ይሆናል። ምክንያቱም አለው፤ ባይለጠፍ ኖሮ በዘመድና በትውውቅ የሚገባው ይበዛ ነበር፣ ቅሬታ ያለውም የሚያቀርብበት መንገድ አይኖርም። እንደ እሳቸው ላሉ ሰዎች ግን እንደሚያም አልክድም። ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በድንገት እንዳያዩት። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው ሌላ የሚያከብሩት ሰፈርተኛ አብሮ እንዲመዘገብ አግባብቼ፣ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ነው። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ይቀላቸዋል።

ከናይሮቢ

ይሄ የመለጠፍ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። እዚህ ኬንያ ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሌላ ጡረታ የሌለው ዕድሜው 70 የሞላ ሰው ሁሉ በወር 2,000 ሽልንግ እንዲከፈለው ተወስኗል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይዘገያል፣ ጎረቤቶቼ የወራት ውዝፍ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ግን ማንም ሽማግሌ ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ደሀ ነኝ» ብሎ አያስረዳም። መታወቂያው ላይ ያለው ዕድሜ ይበቃል። ሀብታሙም ደሀውም ስለሚወስደው የሚያፍርበት የለም። የኛ ሀገር ጡረታ የያዘው የመንግሥት ሠራተኛውን ነበር፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው በአዋጅ የገባው በ2003 ነው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ ጉልት የሸጠችው፣ ገበሬው እስከ ዛሬ ውጪ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰዎች ናቸው እኮ! አንድ ቀን ሀገራችን ወደዚህ መምጣት አለባት ብዬ አምናለሁ።

ሲስተር

ሌላው ሁሉ ተነግሯል፣ እኔ ስለ ዓይናቸው ልበል። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ በሀገራችን ዋናው የዓይነ ስውርነት ምክንያት እሱ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምናም ይወጣል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፍላቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ሞራ ከሆነና ከተነሳላቸው ብርሃናቸው ሊመለስ ይችላል፤ ራሳቸው ሽንኩርት ከትፈው፣ ራሳቸው ሽንት ቤት ሄደው ማለቴ ነው። እንደሳቸው ላለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ አይታየኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤታቸው ድረስ መጥታ ግፊታቸውን እንድትለካ ጠይቂ፣ ሥራዋ ነው።

ኮልፌ፣ የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ የእድሩ ነገር ነው ቀጥ አድርጎ ያስነሳኝ።

ሃምሳ ዓመት መዋጮ የከፈሉ አሮጊት አቅም ሲያጡ ጥቂት ወር ቢያሳልፉ ይቀጣሉ፣ ሲብስ ይሰረዛሉ። በኛም እድር እንደዚያ ነበር። ሰው ስሙ ከእድር ከሚሰረዝ ጾሙን ማደር ይመርጣል፣ ይሄንን ያልገባው ሰው አረጋዊ መርዳት አይችልም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሳህን ሞልቶ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ ባንክም ገንዘብ አለን፣ አባላችን ግን በቁሟ ትራባለች። ይህ በጠቅላላ ጉባኤ ተነስቶ ብዙ ተጨቃጨቅንበት። «እድር ለሞተ ነው» ያሉ ነበሩ፣ «ሁሉም አልችልም ካለ እድሩ ይፈርሳል» ያሉም ነበሩ፤ ስጋታቸው ውሸት አይደለም። በመጨረሻ ግን ደንቡ ተሻሻለ። ብዙ እድሮች አሁን ሕያው አባላትንም ይረዳሉ፣ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

መቄዶንያ ስላልሽው፣ ቢኒያም በለጠ የጀመረው ሥራ ትልቅ ነው፣ ጎዳና ላይ ወድቆ ጠያቂ ላጣ አረጋዊ መድረሻ ሆኗል። እሳቸው ግን ቤት አላቸው፣ ሰፈር አላቸው፣ ያሳደጓቸው ልጆች አሏቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ ከደጃቸው አታንሷቸው። ምግቡንም እንደ እርዳታ አትውሰጂ። ቡና አፍይና ጥሪያቸው። ወይም ልጅሽን «ሽሮው ቅመሙ በዝቶበት ይሆን፣ ቅመሱልኝ» ብለሽ ላኪ። የእድሜ ባለጸጋ ምክር ሲጠየቅ እምቢ አይልም።

የጉለሌ ልጅ

አባቴ፣ እንባዬ ነው የመጣው። እሁድ የእድራችንን ሰብሳቢ አነጋግራለሁ። ደንባችሁ ላይ እንዴት ብላችሁ እንደጻፋችሁት ቢነግሩኝ ይዤ እሄድ ነበር።

ኮልፌ፣ የእድር ጸሐፊ

ደብተሩን አወጣሁት፣ እንዲህ ይላል፦ «ለረጅም ጊዜ በአባልነት የቆየና በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መክፈል ያልቻለ አባል ከወርሃዊ መዋጮ ነፃ ይሆናል፤ ሙሉ የአባልነት መብቱ ይጠበቃል። ጉዳዩን ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ያውቁታል፤ በስብሰባ ላይ ስሙ አይነሳም፣ በመዝገብም እንደ ከፈለ ይጻፋል።» የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳያስወጧት ተሟገቺ። አንዳንዱ ሒሳብ ይዛባል ይላል፤ ገንዘብ ያዡ ከመጠባበቂያው አውጥቶ በስማቸው ይተካል በይው፣ ሒሳቡ አይዛባም።