አምቡላንሷ ማንዋል ሃብ ይመለስላት ወይስ ድፍኑ ይበቃታል?

ሹፌሩ (ምሥራቅ ጎጃም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማነሳው የወረዳችንን አምቡላንስ ጉዳይ ነው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከሚነዷት ሁለት ሹፌሮች አንዱ እኔ ነኝ። ዓምና የፊት ሃቦቿ (የፊት ጎማን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኙትና የሚያላቅቁት ቁልፎች) ጥርሳቸው አልቆ አንድ ጋራዥ አወጣቸውና በምትካቸው ድፍን ፍላንጅ ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ የፊት ጎማዎቿ ከአክስሉ ለአፍታም አይላቀቁም። አሁን ሕዝቡ ለጥገና ገንዘብ አዋጥቷል። ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። ድፍኑ ይቆይ የሚል አለ። ማንዋል ሃብ፣ ማለትም በእጅ እየተዞረ የሚቆለፍና የሚፈታው፣ ይመለስ የሚል አለ። ከሃቡ ጋር ከክሮሞሊ ብረት የተሠራ ጠንካራ የፊት ዘንግና ሲቪ ጆይንት (መሪው ሲጠመዘዝም ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያሳልፈው መገጣጠሚያ) ይግባ የሚልም አለ።

እኔ ሃቡ ይመለስ ባይ ነኝ። ምክንያቴ አንድ ሌሊት ነው። ባለፈው ክረምት ከጮቄ ግርጌ በምጥ የተያዘች እናት ጭነን ዳገት ስንወጣ መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ነበር። ጎማው ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንጋይ ነከሰ። ቋ! አለ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ብረት ብረትን ሲፈጭ ይሰማል፣ መሪውም ይይዛል። ሃብ ቢኖራት ወርጄ ሁለቱንም በእጄ ወደ ፍሪ፣ ጎማው ከአክስሉ ወደሚላቀቅበት፣ አዙሬ በኋላ ጎማ እቀጥል ነበር። ድፍን ስለሆነች በዝናብ፣ በስልክ መብራት፣ ስድስት ዳዶ ስፈታ አመሸሁ። ዳዶው ቢፈታም ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች በመዶሻ ካልተደበደቡ አይወጡም። ፍላንጁን አውጥቼ ኩሽኔታው ጭቃ እንዳይገባበት በፌስታል አሰርኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ልጁ የተወለደው እዚያው መኪና ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

መካኒኩ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንኳን በሰላም ተገላገለች። ግን ወንድሜ፣ የነገርከን ታሪክ የሚያስረዳው ለእኔ ነው። የተሰበረው ሲቪ ጆይንቱ ነው አይደል? ሃብ ብትገጥም ሲቪ ጆይንቱ ያው ነው፣ ነገም ይሰበራል። ክሮሞሊ ከፋብሪካው ብረት እጅግ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ዳገት ላይ በሽተኛ ለምትጭን መኪና በአንድ ጊዜ ወጪ መገላገል ይሻላል።

የመዋጮ ኮሚቴ አባል፦
ይህ ገንዘብ ጤፉን ሸጦ ካዋጣ ገበሬ የመጣ ነው። ስለዚህ ብትታገሡኝ ደስ ይለኛል። ድፍኑ አሁንም ይሠራል። የሚሰበር ምላስ፣ የሚረሳ ቁልፍ የለውም። ማንዋል ሃብ በነበረበት ጊዜ አንዱ ሹፌር የግራውን ሎክ አድርጎ (ቆልፎ) የቀኙን ረስቶ ዋልካ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆመ እናውቃለን። ሹፌር ይቀያየራል። ሰው የሚረሳውን ነገር ለምን በገንዘብ እንገዛለን?

ሹፌሩ፦
ጌታው፣ ልክ ነዎት፣ ያ ሆኗል። አንዱ ፍሪ ከሆነ ፎር ዊል ብታስገባም ዲፍረንሻሉ (ለግራና ለቀኝ ጎማ ጉልበት የሚያካፍለው) ጉልበቱን ወደ ላላው በኩል ይለቀዋል፣ የተቆለፈው ጎማ ምንም አይጎትትም። ግን ድፍኑ ዋጋ አያስከፍልም ያለዎት ማነው? አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ስንሄድም የፊት ዘንጎቹ፣ ዲፍረንሻሉና ወደ ፊት የሚሄደው ረጅም ዘንግ በከንቱ ይዞራሉ። ከደብረ ማርቆስ ሪፈር ይዘን ባሕር ዳር ደርሰን ስንመለስ ያ ሁሉ መንገድ በባዶ የሚዞር ብረት ነው። ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ያልቃል፣ ክሮቼራ (የረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ) ያልቃል፣ ናፍጣውም ትንሽ ይጨምራል።

አዋላጅ ነርስ፦
ስለ ብረት አላውቅም። የምቀመጠው ከኋላ ነው። ደም የሚፈሳት እናት ስትኖር የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ሹፌሩ ጭቃ ውስጥ ወርዶ ሁለት ጎማ ጋ ሄዶ ቁልፍ እስኪያዞር ያለው ጊዜ ለእኔ ረጅም ነው። ከዚያ ደግሞ የሚወርደው ብዙ ጊዜ መኪናዋ ከተያዘች በኋላ ነው። ያኔ ሃቡ ራሱ በጭቃ ተቀብሯል። ለዚህ መልስ ካላችሁ አሰሙኝ፣ ከሌላችሁ ድፍኑ ይቆይ።

ጡረታ የወጣ ሹፌር (ዳንግላ)፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ የክርክሩ ልብ ነው። መልስም አለው። ማንዋል ሃብ ጭቃው ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚዞር ነገር አይደለም። እኛ ሰኔ ሲገባ ሁለቱንም ሎክ እናደርግና እስከ መስከረም አንነካውም ነበር። ሃቡ ተቆልፎ ትንሿ ማርሽ (ፎር ዊል የሚገባባትና የሚወጣባት) በኋላ ጎማ ላይ ካለች አስፋልት ላይም ብትሄጂ ጉዳት የለውም፣ እንደ ድፍኑ ይዞራል እንጂ። ፎር ዊል ሲያስፈልግ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ያስገባል። ጥፋት የሚሆነው ፎር ዊል አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ነው። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መንገድ አይሄዱም፣ ውጥረቱ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። የአባይ በረሃን ቁልቁለት እንደዚያ ወርዶ ትንሿ ማርሽ አልወጣ ያለችው ሰው አይቻለሁ።

በበጋ ደግሞ ፍሪ ይደረጋል። ያኔም ቢሆን በወር አንዴ ቆልፎ ልል መሬት ላይ በፎር ዊል 16 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ያስፈልጋል፣ ዘይቱ የፊቱን ዕቃ እንዲያዳርሰው። ሃብ የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ጂፖች ወደ ሲቪል ሰው ሲዞሩ አሜሪካ ውስጥ ዋርን የሚባለው ድርጅት በ1948 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሃብ መሥራት ጀመረ። የጦር ሜዳ መኪና በሰላም መንገድ ላይ እንዳይንገላታ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ክረምቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚቆይ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ግን ማን ቆለፈው፣ መቼ ቆለፈው የሚለው መኪናዋ ውስጥ ይጻፍ።

ወጣቱ (ሞጣ)፦
ሁላችሁም ስለ መኪና ትከራከራላችሁ። መንገዱ ቢሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ጠጠር እንኳ ያላየ የዋልካ መንገድ ላይ የትኛው ብረት ይችላል?

ሹፌሩ፦
ወንድሜ እውነት ነው፣ ለመንገዱም አብረን እንጮኻለን። እስኪሠራ ግን እናቶች ይወልዳሉ።

ወደ መካኒኩ ልመለስ። ክሮሞሊ ጠንካራ መሆኑን አልክድም። የፊት ዲፍረንሻል ሎክ (ግራና ቀኙን ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚያስር) እና ትልልቅ ጎማ ላለው፣ ድንጋይ ለድንጋይ ለሚወጣ መኪና ይገባዋል። የእኛ ሁለቱም የላትም፣ ጎማዋ የፋብሪካው ልክ ነው። ዘንጉን ብቻ ስታጠነክረው ጉልበቱ ቀጥሎ ያለውን ደካማ ይፈልጋል። ወይ ሃቡን ይበላል፣ ወይ ክራውንና ፒኒዮኑ፣ የዲፍረንሻሉ ጥርሶች፣ ጋ ይደርሳል። ሃቡ ቢሰበር እኔ በኋላ ጎማ ቤቴ እገባለሁ። ዲፍረንሻሉ ቢሰበር ግን መኪናዋ ጋራዥ ስትከርም ወረዳው ያለ አምቡላንስ ይቀራል። ደግሞ የፋብሪካውን ዓይነት ሲቪ ጆይንት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ አገኘዋለሁ። ያንተን ከውጭ ማስመጣት ሊኖርብን ነው።

መካኒኩ፦
ይህንን እቀበላለሁ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የአሁኑ ሲቪ ጆይንት ለምን ተሰበረ? እሱን ሳትመልስ ያንኑ ዓይነት ብትገጥም ያንኑ ታገኛለህ።

ሹፌሩ፦
ጥሩ ጠየቅህ። ስፈታው ያየሁትን ልንገርህ። ኦይል ሲሉ አልቆ የዲፍረንሻሉ ዘይት ወደ ሲቪ ጆይንቱ ገብቷል። ግሪሱ እንደ ሽሮ ቀጥኗል። ወንዝ ስንሻገር የገባው ውኃ ደግሞ ቡናማ አድርጎታል። ስድስቱ ኳሶች የሚቀመጡበት ቤት ውስጡ ዝጓል፣ ስንጥቁም የጀመረው ከዝገቱ ነው። በዚያ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ነዳጅ መስጠት አልነበረብኝም። ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ፣ መሪውን አቅንቼ መሞከር ነበረብኝ።

ስለዚህ የማቀርበው ይህን ነው። ኦሪጅናል ማንዋል ሃብ ይገዛ፣ ርካሹ አይሆንም፣ ጥርሱ ቶሎ ይላጋል። የሁለቱም ጎን ኦይል ሲልና ኩሽኔታ ይቀየር። የተሰበረው ሲቪ ጆይንት በፋብሪካው ዓይነት ይተካ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ይሞላ። የተረፈው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ኦይል ሲል ይቀመጥ።

የመዋጮ ኮሚቴ አባል፦
ዋጋውን በዝርዝር አምጣልን። የተሰበረውንም ዕቃ ሕዝቡ በዓይኑ ይየው።

ሹፌሩ፦
እሺ ጌታው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲቪ ጆይንቱን ሳላጥበው እንዳለ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ እመጣለሁ። መካኒኩም ከደብረ ማርቆስ ቢመጣልን ስንጥቁን አብረን እናሳያለን።