የጉማራን ደለል የምናስቀርበት ገንዳ፦ በጋራ ማመልከቻው ክፍል 3 ላይ የዕቅድ ውይይት

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ውድ አባላት፣ ክፍል 1 እና 2 ጸድቀዋል። የቀረን ሽንኩርታችንን ለማጠጣት ከጉማራ ወንዝ በፓምፕ የምንስበው ውሃ የሚያልፍበት የደለል ማስቀሪያ ገንዳ ነው። ረቂቁ «3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር» ይላል። ይህ እንዲቀየር አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ፓምፓችን ከሚስብበት ቦታ በሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ቤት ወሰድሁ። ደጋግሜ ናጥሁትና መስኮት ላይ አቆምሁት። እጄን ከማንሳቴ አሸዋው ከሥር ተነጠፈ፤ ጠርሙሱን ዘንበል ሳደርገው ብቻውን ይንሸራተታል። ከሦስት ሰዓት በኋላ በአሸዋው ላይ የጥፍር ውፍረት ያህል ለስላሳ ደለል ተደርቧል። በማግስቱ ግን የላይኛው ውሃ አሁንም ሻይ በወተት ይመስላል። በአምስተኛው ቀንም እንደ ደፈረሰ ነው።

በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጭነት አለ ማለት ነው፤ ገንዳው የትኛውን ያስቀር የሚለውን ሳንወስን መቆፈር የለብንም። ስቶክስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ቀመር መሠረት የቅንጣቱ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር የሚሰጥምበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። በረጋ ውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.01 ሚሊሜትር የሆነው ደለል ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። 0.001 ሚሊሜትር የሆነው የዋልካ ዱቄት ግን 13 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ፓምፓችን በሰከንድ 10 ሊትር ይሰጣል። የረቂቁ ጉድጓድ 36 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው አንድ ሰዓት ይቆይበታል። እኔ የማቀርበው ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 3፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ገንዳ ነው። እሱም 36 ሜትር ኩብ ነው፣ ውሃው የሚቆየውም ያንኑ አንድ ሰዓት ነው፣ የምናወጣው አፈርም እኩል ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በጥልቁ ጉድጓድ ከላይ የገባ ቅንጣት በዚያች ሰዓት ውስጥ አራት ሜትር መውረድ አለበት፤ በረጅሙ ገንዳ አንድ ሜትር ብቻ ወርዶ ያርፋል። አለን ሄዘን የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ደለል የሚያስቀረው የገንዳው የላይ ስፋት ነው፣ ጥልቀቱ አይደለም። በጥልቁ ጉድጓድ ከ0.035 ሚሊሜትር በታች የሆነው አብዛኛው ያመልጠናል፤ በረጅሙ ወደ 0.018 እንወርዳለን። በእርግጥ ውሃው መናወጡ ስለማይቀር 0.03 ብለን ብናቅድ ይሻላል። አራት ሜትር ጉድጓድ በልጆች መንገድ ላይ መክፈትም ያስፈራኛል።

የፓምፕ ተቆጣጣሪ፦
ጋሼ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ነገር ግን ገንዳው ከፓምፑ በኋላ ነው። አምና ሁለት ጊዜ የቀየርሁትን የፓምፑን መዘውር አሸዋ እንደ ሞረድ በልቶት ነበር። ለእኔስ ምን ተያዘ?

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ትክክል ነህ፣ ይህን ዘልዬዋለሁ። ወፍራሙ አሸዋ የሚጓዘው ወደ ወንዙ አልጋ ተጠግቶ ነው፤ እኛ ደግሞ መምጠጫውን አልጋው ላይ አስተኝተነዋል። ወንፊቱን ከሁለት ባዶ ጀሪካኖች ሥር አንጠልጥለን ብናንሳፍፈው ከላይኛው ውሃ ይስባል። በክፍል 3 መጀመሪያ ላይ ይግባ። ጉማራ በሞላበት ቀን አለመሳብም እንዲሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ውሃው እስኪጠራ ድረስ ለምን አንሄድም? ከተማ ላይ መድኃኒት ጨምረው ያጠሩታል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
እትዬ፣ የዋልካው ቅንጣቶች ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ተያይዘው አይከብዱም። ከተማ ላይ የሚጨምሩት መድኃኒት፣ አልሙኒየም ሰልፌት፣ ያን መገፋፋት ሰብሮ እንደ ባዘቶ ያጣብቃቸዋል። የሽፈራው ፍሬ ዱቄትም ይህን ያደርጋል፤ በሱዳን በዓባይ ዳር ያሉ እናቶች የቤት ውሃ የሚያጠሩበት የቆየ ዘዴ ነው። ለእኛ ግን ወጪውን ይመልከቱት፦ መድኃኒቱን በሊትር 30 ሚሊግራም ብቻ ብንጨምር እንኳ በየሰዓቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ይሄዳል። ያለ መድኃኒት 0.002 ሚሊሜትር የሆነውን እናስቀር ብንል ደግሞ ገንዳው 2,780 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ጥማድ መሬት በላይ ማለት ነው። የምናጠጣው ሽንኩርት እንጂ ሰው አይደለም። ዋልካው በጠብታ መስኖው ቀዳዳ ያልፋል፤ የመስመሮቹን ጫፍ በየሳምንቱ ከፍተን እናጥባቸዋለን።

የችግኝ ቡድን ተወካይ፦
እኔ ሒሳብ አላውቅም፤ ቡና ግን አፈላለሁ። ጀበናውን ማቶቱ ላይ ጋደል አድርጌ ሳስቀምጠው አተላው ቶሎ ይሰክናል። ገንዳውስ ውስጥ የሚያጋድል ነገር ማድረግ አይቻልም?

የረቂቁ አዘጋጅ፦
እሰይ እትዬ! ይህን ቦይኮት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 በደም ላይ አይቶታል፤ ጋደል ባለ ቱቦ ውስጥ የደሙ ሕዋሳት ቶሎ ይዘቅጣሉ። ቅንጣቱ እስከ ታች መውረድ ሳያስፈልገው ጎኑ ላይ አርፎ ስለሚንሸራተት ነው። በትልልቅ የውሃ ማጣሪያዎችም ጋደል ያሉ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ። ቆርቆሮ ግን ይዝጋል፤ ስለዚህ በዚህ ዙር ቦታውን እንተውለትና በሁለተኛው ዓመት ዕቅድ እርስዎ ያቅርቡት።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ። ሲሚንቶው ግን ከበጀታችን በላይ ነው።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ወለሉን ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) እናልብሰው፤ በሲሚንቶ የሚሠሩት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይሁኑ። እነሱን መቆጠብ አይቻልም። ውሃው ከቱቦው እየተወረወረ ከገባ የሰከነውን ሁሉ መልሶ ያነሳዋል፤ ስለዚህ በመግቢያው ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ኃይሉን ይሰብራል፣ በመውጫው ደግሞ ውሃው በሦስቱም ሜትር ወርድ ላይ ስስ ሆኖ ይፈስሳል።

የክፍል 3 አዲስ ጽሑፍ፦
«ማኅበሩ ከወንዝ አልጋ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ መምጠጫ እና 12 በ3 በ1 ሜትር የሆነ የደለል ማስቀሪያ ገንዳ ይሠራል። ገንዳው አሸዋንና ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ደለልን ያስቀራል። ጉማራ በሞላበት ቀን ውሃ አይሳብም። ወለሉ ወደ ማፍሰሻ ቱቦው ያዘነብላል። ደለሉ ሩብ ሜትር ሲደርስ ይጠረጋል፤ የወጣውም ለችግኝ መደብ ይውላል።»

ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ። ቅዳሜ ጠዋት ገመድና ችካል ይዤ ቦታው ላይ እገኛለሁ፤ የፓምፕ ተቆጣጣሪው ሁለቱን ጀሪካን ይዞ ይምጣ።