ስፖንጅ ህብረ ሕዋስ የለውም ሲባል ምን ማለት ነው?

የመሐል ሜዳዋ፦
እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ መንዝ። መጽሐፉ ስፖንጅ (ውሃ ውስጥ የሚኖረው እንስሳ) ህብረ ሕዋስ የለውም ይላል፤ ገጹን ስገልጥ ደግሞ ውሃ የሚቀዝፍ ሕዋስ፣ ውጩን የሚሸፍን ሕዋስ፣ እሾህ የሚሠራ ሕዋስ እያለ ይዘረዝራል። ሥራ ከተከፋፈሉማ ህብረ ሕዋስ ሆኑ አይደል? አስተማሪያችን «እንደተጻፈው ያዙት» ብሎ አለፈው። ባሕር የማውቀው በቴሌቪዥን ነው፣ አትሳቁብኝ።

የአንኮበር ጭጋግ፦
የምን መሳቅ! ጥያቄሽ ልክ ነው። ሥራ መከፋፈል ብቻውን ግን አይበቃም። እንደ ቆዳችን ሽፋን ያለው ህብረ ሕዋስ እርስ በርሱ ጥብቅ ብሎ ተያይዞ፣ ከሥሩ ስስ ንጣፍ ኖሮት፣ ቦታውንም ሥራውንም ይዞ ይቀመጣል። የስፖንጅ ሕዋስ ደቦ እንደወጣ ሰው ነው፣ አሁን ያጭዳል፣ ቆይቶ ነዶ ያስራል። በመሐል ባለው ዝልግልግ ውስጥ እየተሳቡ የሚዞሩ ሕዋሶች አሉ፣ ምግብ ያመላልሳሉ፣ ሲያስፈልግም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ይለወጣሉ።

ውሃ ቀዛፊዎቹን በማይክሮስኮፕ ብታያቸው ደስ ይሉሻል። እያንዳንዱ አንድ ረጅም ጭራ አለው፣ በጭራው ሥር ዙሪያውን የቀጫጭን ክሮች ኮሌታ። ጭራው ሲወናጨፍ ውሃው ይሳባል፣ ባክቴሪያው ኮሌታው ላይ ይቀራል፣ ሕዋሱ ዋጥ ያደርገዋል። አፍ የለ፣ ሆድ የለ፣ ነርቭ የለ።

በ1907 እ.ኤ.አ. ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ስፖንጁን በስስ ጨርቅ ጨምቆ ሕዋሶቹን በታተናቸው። ተፈላልገው ተሰበሰቡና መልሰው ስፖንጅ ሆኑ። ይህን በመንዝ በግ ጉበት ሞክሪው እስቲ 😄

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ፦
ጥሩ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ሁሉንም ስፖንጅ አንድ ላይ አትጠቅልል። ሆሞስክሌሮሞርፋ የሚባሉት ያ ከሥር ያለው ንጣፍ አላቸው።

ለእኔ ከስፖንጅ ይልቅ የሚገርመው ትሪኮፕላክስ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ሹልዜ የተባለ ጀርመናዊ ኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ውስጥ ካለ የባሕር ውሃ ገንዳ ነው ያገኘው። ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ግራ ቀኝ የለው፣ ፊትና ኋላ የለው፣ ላይና ታች ብቻ። አልጌ ላይ ይተኛበትና የሚያሟሟ ፈሳሽ ከሥሩ ለቆ እዚያው ይመጠዋል። ከላይም ከታችም የሕዋስ ሽፋን አለው፣ ሕዋሶቹም ተያይዘዋል፣ ንጣፉ ግን የለም። እንግዲህ ህብረ ሕዋስ ነው ወይስ አይደለም? እኔ «ግማሽ መንገድ ላይ» እላለሁ፣ ደስ ያላለው ይከራከር።

የመሐል ሜዳዋ፦
ኧረ ተባረኩ! እና ፈተና ላይ ምን ልበል?

የአንኮበር ጭጋግ፦
«እውነተኛ ህብረ ሕዋስ የለውም» በይና ምክንያቱን ጨምሪ፣ ሕዋሶቹ ቦታና ሥራ ይቀያይራሉ ብለሽ። ጄሊፊሽ ከመጣብሽ ግን አለው፤ የውጭና የውስጥ ሁለት ሽፋን፣ መሐላቸው ዝልግልግ፣ ነርቭና የሚናደፍ ሕዋስም አለው። ሃይድራ የምትባለው ትንሽ የውሃ እንስሳም እንደዚያው።