የጊኒ ፒጋችን አገጭ ሥር እብጠት ወጣበት፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ከለገጣፎ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የጊኒ ፒጓን (አይጥ መሰሉን ትንሽ የቤት እንስሳዋን) ጠጉር ስታበጥር አገጩ ሥር እብጠት አገኘች። መጀመሪያ ሽምብራ ታክል ነበር፣ አሁን አድጋለች። ስነካት ጠንከር ትላለች፣ ትሞቃለች። ሣር ይጎትትና ሳያኝክ ይተወዋል። ጎረቤቴ «ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለኝ፣ በጥብጠሽ ስጪው» ብላኛለች። እዚህ ሰፈር ያለው ክሊኒክ የሚያክመው ከብትና በግ ነው። ልጄ እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ (ከሰንዳፋ)
እህቴ፣ አሞክሳሲሊኑን በፍጹም እንዳትሰጪው! ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ጊኒ ፒግን ይገድላሉ። አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና መርዝ የሚያመነጩት ይራባሉ። ሰው ስለዳነበት እሱም ይድናል ማለት አይደለም።

መልስ (ከሱሉልታ)
የእኛዋም እዚያው ቦታ አብጦባት ነበር፤ መግል ሆኖ ተገኘ። ደረቅ የሣር አገዳ አፏን ወግቷት በዚያ ነው የገባው። ሐኪሙ ከፍቶ አጠበላትና ቁስሉ ከውስጥ እየዳነ እንዲመጣ ሳይሰፋ ተወው። አደራ፣ እንዳታፈርጪው! መግሉ ወፍራም ስለሆነ ተጨምቆ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ከፈረጠ ደግሞ ይሰራጫል።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከቢሾፍቱ)
ሁለቱም ልክ ናቸው። አገጭና አንገት ሥር የሚወጣ እብጠት ብዙ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የንፍፊት ኢንፌክሽን ነው። የጥርስ ሥር መግልም ሊሆን ይችላል። ሳያኝክ መተዉ ስለሚያሳስበኝ አፉ በደንብ ይታይ። ዕጢ መሆን አለመሆኑ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው፣ በዓይን አይታወቅም።

ከእብጠቱ ይልቅ የሚያስቸኩለኝ አለመብላቱ ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት ሥራ ካቆመ በፍጥነት ይሞታል። በየጠዋቱ በኩሽና ሚዛን መዝኚው። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በራሱ ማምረት አይችልም፤ ስለዚህ ፈረንጅ ቃሪያ በቀጭኑ ቆርጠሽ ስጪው። ሌላ ጊኒ ፒግ ካላችሁ ለዩት፣ በሽታው ይጋባል።

የሰፈራችሁ ክሊኒክ ካልቻለ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ጠያቂ
ተባረኩ። መድኃኒቱን ለጎረቤቴ መልሼላታለሁ። ነገ በጠዋት ይዤው እወጣለሁ። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ብዬ ሌሊቱን ምግብ ልከልክለው?

የእንስሳት ሐኪሙ
አይ፣ እንዳትከለክዪው። ጊኒ ፒግ ማስታወክ ስለማይችል ማስራብ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ካርቶኑ ውስጥ ሣር ጨምሪለት፣ መንገድ ላይም ይብላ።